ዝቅተኛ ጂአይ፣ ሳህን መከፋፈል ወይስ ካርቦሃይድሬት መቀነስ? ለደም ስኳርና ለክብደት የቱን እንምረጥ

የደም ስኳሩ ከፍ ያለበት፣ ክብደቱም የጨመረበት ሰው «ምን ልብላ?» ብሎ ሲጠይቅ መካሪ አያጣም። አንዱ ካርቦሃይድሬት በዞረበት አትዙር ይለዋል። ሌላው ካሎሪ ቁጠር ይለዋል። ሦስተኛው ከመሸ በኋላ ምንም አትቅመስ ይላል። አራተኛው የቁጥር ሰንጠረዥ አውጥቶ ምስር 32፣ ዳቦ 75 እያለ ያስረዳዋል። የሚያስቸግረው ታዲያ ሁሉም የሚሉት ነገር ውስጥ እውነት መኖሩ ነው።

የኔን አቋም ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ዝቅተኛ ግላይሴሚክ አመጋገብ፣ ማለትም የደም ስኳርን ቀስ አድርገው የሚያነሡ ምግቦችን መምረጥ፣ ጥሩ ነገር ነው፤ የሚጠቅመው ግን ሁለት የሚቀራረቡ ምግቦችን ለማማረጥ ነው፣ ይኼኛው ዳቦ ወይስ ያኛው፣ ሩዝ ወይስ ምስር። ሙሉ አመጋገብን በቁጥሩ ብቻ ልምራ ያለ ሰው ብዙም ሳይቆይ ቸኮሌት ከሐብሐብ ይሻላል ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። ለዚህ ነው መጠንና አጠቃላይ ማዕዱ ከቁጥሩ የሚቀድሙት። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ምርጫችሁ የሚጀምረው ከምግቡ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ነው።

ቁጥሩ ምንድነው የሚለካው?

ግላይሴሚክ ኢንዴክስን፣ ባጭሩ ጂአይን፣ በ1981 ያስተዋወቁት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። 50 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲይዝ ተደርጎ የተመጠነ ምግብ በባዶ ሆዳቸው ላሉ ሰዎች ይሰጣል። ለሁለት ሰዓት የደም ስኳራቸው እየተለካ ይመዘገባል። ከዚያ 50 ግራም ግሉኮስ በወሰዱ ጊዜ ከታየው ጋር ይነጻጸራል። ግሉኮሱ 100 ነው። 55 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ ከ56 እስከ 69 መካከለኛ፣ 70 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል።

እስኪ ልብ በሉ። ምግቡ የሚለካው ለብቻው ነው፣ በባዶ ሆድ፣ ያለ ወጥ፣ ያለ አትክልት፣ ያለ ዘይት። እንደዛ የሚበላ ሰው ማን አለ? መጠኑም እናንተ የምትበሉት መጠን አይደለም፤ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ከካሮት ለማግኘት ክምር ካሮት መብላት ያስፈልጋል፣ ከሩዝ ግን አንድ ሳህን ይበቃል።

ሌላው ጣጣ ሰውነታችን ነው። በ2016 በወጣ አንድ ጥናት 63 ሰዎች አንድ ዓይነት ነጭ ዳቦ በተለያየ ቀን ደጋግመው በሉ። አማካዩ 62 ወጣ። ነገር ግን አንዱ ሰው ራሱ ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው በ20 ከመቶ ገደማ ይለያይ ነበር፣ ሰው ከሰው ደግሞ በ25 ከመቶ ገደማ። ይኼ ማለት ያው ዳቦ ለአንዱ ዝቅተኛ፣ ለሌላው ከፍተኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚያ በፊት በ2015 በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች የ800 ሰዎችን የደም ስኳር ተከታትለው ተመሳሳይ ነገር አይተዋል፤ አንድ ዓይነት ምግብ በልተው የአንዱ ስኳር ሲተኮስ የሌላው እምብዛም አይነቃነቅም።

ስለዚህ በ52 እና በ57 መካከል ያለውን ልዩነት ይዛችሁ አትጨነቁ። በ30 እና በ75 መካከል ያለው ግን ትልቅ ነው፣ እሱን አትለፉት።

ኢንዴክስ ወይስ ሎድ?

ግላይሴሚክ ሎድ የሚባለው በ1997 በሃርቫርድ ተመራማሪዎች የመጣ ሲሆን የኢንዴክሱን ትልቅ ቀዳዳ የሚደፍን ነው። የምትበሉትን የካርቦሃይድሬት መጠን በግራም ትወስዳላችሁ፣ በጂአይ ታባዛላችሁ፣ ለ100 ታካፍላላችሁ። 10 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ ነው፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ።

ሐብሐብን እንውሰድ። ብዙ ሰንጠረዥ ላይ ከ70 በላይ ተጽፎለታል፣ ከነጭ ዳቦ ጎን ማለት ነው፣ በዚህ ምክንያት ስንቱ ስኳር ያለበት ሰው እርም ብሎታል። ግን ሐብሐብ አብዛኛው ውሃ ነው፤ 120 ግራም ቁራጭ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት ከ10 ግራም አይበልጥም፣ ሎዱም 10 አይሞላም። በተቃራኒው ፓስታ ጂአዩ 50 ገደማ ስለሆነ «ዝቅተኛ» የሚል ማዕረግ አለው። 180 ግራም የተቀቀለ ፓስታ ግን ወደ 48 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛል፣ ሎዱ 24 ይደርሳል። ሳህኑን ሞልቶ የሚበላ ሰው ደግሞ ይህን በእጥፍ ያደርገዋል።

ከሁለቱ ምረጡ ከተባለ ሎድ ይሻላል፣ ያለ ጥርጥር። ችግሩ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሂሳብ የሚሠራ ሰው የለም። ደግሞም ሎድን ዝቅ ለማድረግ ብሎ ሁሉን ነገር በቅቤና በሥጋ የሚተካ ሰው ቁጥሩ ያምርለታል እንጂ ክብደቱ ላይወርድ ይችላል። እኔ ሎድን እንደ ማስታወሻ ነው የምይዘው፦ ዓይነቱን ከመረጥክ በኋላ መጠኑን ደግሞ እይ።

ምግብ ከምግብ

እዚህ ጋ ጂአይ በእርግጥ ጥቅም አለው። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በዓለም አቀፍ ሰንጠረዦች ላይ የሰፈሩ አማካዮች ናቸው፣ እናንተ ላይ ትንሽ ከፍ ወይ ዝቅ ሊሉ ይችላሉ።

በዳቦ እንጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሸወድበት እሱ ስለሆነ። ነጭ ዳቦ 75 ነው። ከሙሉ ስንዴ ዱቄት የተጋገረ ቡናማ ዳቦስ? 74። አንድ ቁጥር ብቻ! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስንዴው ከነገለባው ቢሆንም እንደ ዱቄት ልሞ ከተፈጨ ውስጡ ያለው ካርቦሃይድሬት፣ ስታርቹ፣ ለጨጓራና ለአንጀት ክፍት ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰባበራል። ቀለሙን አትመኑ። የሚለውጠው ጥርስ ላይ የሚሰማ ያልተፈጨ ወይም በግምድሉ የተፈጨ እህል ያለበት ዳቦ ነው፣ እሱ ወደ 53 ይወርዳል። በእርሾ ረጅም ሰዓት ቦክቶ የኮመጠጠ ዳቦም ከተራው ዝቅ ይላል፣ አሲዱ ምግቡ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ስለሚያዘገየው። ይህን ስል ቡናማውን ተዉት ማለቴ አይደለም። አሰሩ (ፋይበሩ) እና ማዕድናቱ ለአንጀትም ለልብም ይጠቅማሉ። የደም ስኳር መድኃኒት ነው ብላችሁ ሦስት አራት ቁራጭ አትብሉ ነው የምለው።

ሩዝም ላይ ያው ነው፣ ነጩ 73፣ ቡናማው 68። ከቀለሙ ይልቅ የሩዙ ዝርያ ይወስናል። ሲበስል የሚጣበቀው ሩዝ ቶሎ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ፍሬው ረጅም ሆኖ ሲበስል የሚበታተነው፣ እንደ ባስማቲ ያለው፣ አሚሎስ የሚባለው የስታርች ዓይነት ስለሚበዛበት ይዘገያል። አብስሎ፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሮ፣ እንደገና አሙቆ መብላትም ጥቂት ይቀንሳል፣ የተወሰነው ስታርች ሲቀዘቅዝ ለመፈጨት ስለሚያስቸግር። ጥቂት ነው ያልኩት፣ ተአምር አትጠብቁ። የበሰለ ሩዝ ውጭ ሲቆይ ሆድ የሚያውክ ባክቴሪያ ስለሚያፈራ ቶሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ፓስታ የሚገርም ነው። እንደ ዳቦው ሁሉ ከስንዴ ተሠርቶ 49 ነው። ዱቄቱ ተለውሶ ሲጠቀጠቅና ሲደርቅ ስታርቹ ፕሮቲኑ መሃል ይታሰራል፣ ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች ቶሎ አይደርሱበትም። ግን ከመጠን በላይ ከተቀቀለ ይህ ጥቅሙ ይቀንሳል። ጥርስ ላይ ትንሽ ጠንከር እያለ አውጡት።

ድንች ቅቅል 78፣ ተፈጭቶ በውሃ የሚበጠበጠው ደግሞ 87። ጥብሱ 63፣ በፓኬት የሚሸጠው ቺፕስ 56። አያችሁ ቁጥሩ እንዴት እንደሚያታልል? ቺፕሱ ከቅቅሉ «የተሻለ» የሆነው ዘይቱ ጨጓራን ስላዘገየው ብቻ ነው፤ ያ ዘይት ግን ካሎሪ ነው፣ ጨውም አለ። ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ቺፕስ ከመረጠ ጉዱ ፈላ። ቅቅል ድንች የምትወዱ ትንሽ ውሰዱ፣ ቀዝቅዞ ሰላጣ ውስጥ ይግባ፣ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ጨምሩበት። ስኳር ድንች ቅቅሉ 63 ነው፣ ከተራው ድንች ይሻላል ግን ስሙ የወጣለትን ያህል አይደለም።

አጃ ላይ ፓኬቱን አንብቡ። ተዳምጦ የጠፈጠፈው፣ በእሳት ላይ የሚበስለው አጃ 55 ነው። ሙቅ ውሃ ብቻ የሚፈስበት ቶሎ ደራሹ 79። ከአንድ እህል የመጡ ናቸው፣ ልዩነታቸው ፋብሪካው ምን ያህል እንዳደቀቀው ነው። ገብስ ፍሬው ሳይፈጭ ሲቀቀል 28 ስለሆነ ከሁለቱም ይቀድማል።

አሸናፊዎቹ ግን ጥራጥሬዎች ናቸው፣ ክርክር የለውም። ምስር 32፣ ሽምብራ 28፣ ቦሎቄ 24። ካርቦሃይድሬት አላቸው ግን ቀስ ብሎ ይፈታል፣ ከፕሮቲንና ከአሰር ጋር ነው የመጡት፣ ያጠግባሉ፣ ይቆያሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያዩት ነገር አለ፤ ማታ እንደነዚህ ያለ ዝቅተኛ ጂአይ ምግብ የበላ ሰው በማግስቱ ጠዋት ለሚበላው ቁርስ የሚያሳየው የስኳር ጭማሪ ይቀንሳል። አንድ ለውጥ ብቻ አድርግ ብትሉኝ የምመርጠው ይኼን ነው፦ ከሩዙ ወይም ከድንቹ ግማሹን አንሥቶ በጥራጥሬ መተካት።

ፍራፍሬ ላይ አትጨናነቁ። ፖም 36፣ ብርቱካን 43፣ ሙዝ 51፣ በጣም የበሰለ ሲሆን ከፍ ይላል። ጭማቂ ነው ነገሩ። የብርቱካን ጭማቂ ቁጥሩ 50 ብቻ ነው፣ «ዝቅተኛ» ይባላል። ግን አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ስንት ብርቱካን ይጨመቃል? ሦስት ብርቱካን ልጦ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው፣ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ የሚጠጣ ግን ሞልቷል። አሰሩ ቀርቷል፣ ማኘክ የለም፣ ጥጋብም የለም። ልጣችሁ ብሉት።

ማርና ስኳር እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፣ 61 እና 65። የፍራፍሬ ስኳር የሚባለው ፍሩክቶስ ደግሞ 15 ነው፣ በዚህ ሰበብ «ለስኳር ታማሚ» ተብሎ ሲሸጥ ታያላችሁ። የደም ስኳርን እምብዛም የማያነሣው ጉበት ስለሚቀበለው ነው፣ በብዛት ሲመጣበት ደግሞ ወደ ስብ ይለውጠዋል። በመለኪያው ላይ አለመታየቱ ደህና ነገር አያደርገውም።

ይህን ሁሉ ስታዩ ቸኮሌት 40 እና አይስክሬም 51 መሆናቸው ላይገርማችሁ ይችላል። ቅባት ያዘገያል፣ ፍሩክቶስ ይደበቃል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ደንቡ ይሁን፦ ዳቦን ከዳቦ፣ እህልን ከእህል አወዳድሩ። ዳቦን ከአይስክሬም ጋር በጂአይ ማወዳደር ትርጉም የለውም።

አመጋገብ ከአመጋገብ

አሁን ወደ ትልቁ ምርጫ። እዚህ ስኳርንና ክብደትን ለየብቻ ማየት ይሻላል፣ ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው እኩል ስለማይሠራ።

ዝቅተኛ ጂአይ ለስኳር ይሠራል፣ በልኩ። በ2021 ቢኤምጄ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣና ብዙ ሙከራዎችን በአንድ የመረመረ ጥናት፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዝቅተኛ ጂአይ ወይም ሎድ ሲመገቡ ኤችቢኤዋንሲያቸው ከሌሎች አመጋገቦች ይልቅ ተጨማሪ 0.31 ነጥብ እንደወረደ አሳይቷል። ኤችቢኤዋንሲ የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ነው። 0.31 ብዙ አይመስልም፣ ብዙም አይደለም፤ ግን ከመድኃኒቱ በላይ የተገኘ ነው። በሌላ በኩል በ2014 ጃማ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ሙከራ ነበር፤ አስቀድሞ በአትክልትና ፍራፍሬ የተሞላ ጤናማ አመጋገብ ለ163 ክብደታቸው ለጨመረ ሰዎች ተሰጥቶ፣ ጂአዩን ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርጉት ኢንሱሊን የሚሠራበት አቅም አልተሻሻለም። እኔ ከሁለቱ የምረዳው፣ አመጋገባችሁ በነጭ ዱቄትና በጣፋጭ የተሞላ ከሆነ ጂአይ ብዙ ያተርፍላችኋል፤ አስቀድሞ ደህና ከሆነ ግን ቁጥር ማሳደዱ ድካም ነው።

ካርቦሃይድሬት መቀነስ፣ በቀን ከ130 ግራም በታች ማለት ነው፣ በመለኪያው ላይ ለውጡን በፍጥነት የምታዩበት ነው። ባልበላችሁት ካርቦሃይድሬት የደም ስኳር አይወጣም፣ በቃ። በ2021 በዚያው ቢኤምጄ የወጣ ሌላ ግምገማም በስድስት ወር ውስጥ ከሌሎች አመጋገቦች የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል፤ ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ጠቧል። ለምን? ሰው አይዘልቀውም። ቤተሰብ ጋር የሚበላ፣ ግብዣ የሚጠራ፣ ሥራ ቦታ የሚመገብ ሰው በየቀኑ «ይኼን አልበላም» ሲል ይሰለቻል። አንዳንዱ ደግሞ ካርቦሃይድሬቱን አውጥቶ በቅቤና በስብ ሲሞላው ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎ ኮሌስትሮል ይወጣበታል። መዝለቅ ለሚችል፣ ቅባቱን ከለውዝ፣ ከዓሣና ከአትክልት ዘይት ለሚወስድ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሳህን መከፋፈል የሚባለው ደግሞ ብዙም አይወራለትም ግን እኔ የማስቀድመው እሱን ነው። 23 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሳህን ትወስዳላችሁ። ግማሹ ስታርች የሌለው አትክልት፦ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቲማቲም። ሩቡ ፕሮቲን። ሩቡ ካርቦሃይድሬት። ቁጥር የለም፣ ሚዛን የለም። ሳታስቡት ሎዱም ካሎሪውም ይወርዳል። ሩቡን በምን ልሙላው ስትሉ ጂአይ ይመጣል፣ ቦታው እዚያ ነው።

ካርቦሃይድሬት በግራም መቁጠር ከምግብ በፊት ኢንሱሊን ለሚወጉ ሰዎች ነው፣ መጠኑን ለማመጣጠን። ለሌላው ሰው ያለ ጥቅም አድካሚ ነው።

በሰዓት ገድቦ መብላትስ? በ2022 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ሙከራ 139 ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ሁለቱም ካሎሪ ቀነሱ፤ አንዱ ቡድን በተጨማሪ በቀን ስምንት ሰዓት ውስጥ ብቻ እንዲበላ ተደረገ። ከዓመት በኋላ የሰዓት ገደብ የነበራቸው 8 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ፣ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ሚዛን ሲታይ የሚያወላዳ አልነበረም። ሌሊት መቃመስ ችግሩ የሆነ ሰው ይጠቀምበታል። ሌላው ሰው ምንም አልቀረበትም።

ክብደቱን በተመለከተ

ክብደት ላይ የትኛውም አመጋገብ ምሥጢር የለውም። በ2018 በጃማ የወጣው ዳይትፊትስ የሚባለው ሙከራ 609 ሰዎችን ዓመት ሙሉ ተከታትሎ፣ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ እንደቀነሱ አገኘ። ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም ቡድኖች ግን የተጨመረ ስኳርና የተጣራ ዱቄት እንዲቀንሱ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተነግሯቸው ነበር፣ ምናልባትም ዋናው ነገር እሱ ነው።

በስኳር ላይ ክብደት መቀነስ ያለው ኃይል ግን ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል። ዳይሬክት በተባለው በብሪታንያ በተደረገ ሙከራ፣ ዓይነት 2 ስኳር ከያዛቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች በሐኪም ክትትል ለሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየወሰዱ ቆዩ። በዓመቱ 46 ከመቶዎቹ ያለ ስኳር መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ልክ በታች ነበር። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ደግሞ 86 ከመቶው። ይህን ቤታችሁ ብቻችሁን አትሞክሩት፣ ግን ቁጥሩን አስቡት። ገና በሽታው ሳይገባ በቅድመ ስኳር ላይ ላሉትም ነገሩ ያው ነው፤ በ2002 ውጤቱ የወጣው ትልቁ የአሜሪካ የስኳር መከላከል ሙከራ 7 ከመቶ ክብደት መቀነስንና በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴን ግብ አድርጎ ወደ ስኳር ሕመም መሻገርን በ58 ከመቶ ቀንሷል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን 31 ከመቶ ነበር የቀነሰው።

ጂአይ በክብደት ጉዳይ ብቅ የሚለው ከቀነሱ በኋላ ነው። በ2010 የወጣው ዲዮጄንስ የተባለው የአውሮፓ ሙከራ 773 ክብደት የቀነሱ ሰዎችን በአምስት ዓይነት አመጋገብ ከፋፍሎ ለ26 ሳምንት ተከታተለ። ከሁሉም በተሻለ መልሰው ያልወፈሩት ፕሮቲናቸው ከፍ፣ ጂአያቸው ዝቅ ያለው ናቸው። የሚያጠግብ ምግብ ስለሆነ ይመስለኛል። መቀነሱን ሁሉም ያውቅበታል፣ አለመመለሱ ነው ችግሩ፣ ስለዚህ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ገንዘብም ጉልበትም የማይጠይቁ ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ልጨምር። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው፤ አትክልቱንና ፕሮቲኑን አስቀድሞ፣ ዳቦውን ወይም ሩዙን መጨረሻ ላይ መብላት። በ2015 በወጣ አንድ ትንሽ ጥናት፣ 11 ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ይህን ሲያደርጉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳራቸው ካርቦሃይድሬቱን ካስቀደሙበት ቀን በ37 ከመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ምግቡ አንድ ነው፣ ተራው ብቻ ተቀየረ። ሁለተኛው ከበሉ በኋላ ለአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ወክ ማድረግ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ብዙ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ከደም ይስባል።

መድኃኒት የምትወስዱ

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉ እንክብሎችን የምትወስዱ ከሆነ ካርቦሃይድሬትን በድንገት አትቁረጡ። መድኃኒቱ የታዘዘው ድሮ ለምትበሉት መጠን ነው፤ ምግቡ ቀንሶ መድኃኒቱ እንዳለ ከቀጠለ ስኳራችሁ ከሚገባው በታች ይወርዳል። አስቀድማችሁ ከሐኪም ጋር መጠኑን አስተካክሉ። ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን እምብዛም አያደርግም። ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የተባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስዱ ደግሞ ካርቦሃይድሬት እጅግ ከቀነሱ ደማቸው በአሲድ የሚመረዝበት ኪቶአሲዶሲስ የሚባል አደጋ ሊያጋጥማቸው ይችላል፣ የሚያስቸግረውም ስኳሩ ብዙም ሳይወጣ ሊከሰት መቻሉ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ዝቅተኛ ጂአይና ሳህን መከፋፈል ካርቦሃይድሬትን ከሞላ ጎደል ከሚያስቀረው የኪቶ አመጋገብ እጅግ ይመረጣል። ነፍሰ ጡሮችና የኩላሊት ችግር ያለባቸውም ያለ ሐኪም ምክር ወደ ጥብቅ አመጋገብ አይግቡ፤ ኩላሊት ላይ ጥራጥሬው ራሱ በፖታሺየሙ ምክንያት ሊገደብ ይችላል።

የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ደግሞ ዝቅተኛ ጂአይ ጠላታችሁ ነው። ያኔ የሚያስፈልገው ፈጣኑ ነው፦ 15 ግራም ግሉኮስ፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ዳግም መለካት። ቸኮሌት አይሁን፣ ቅባቱ ያዘገየዋል። አካርቦስ የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተራ ስኳርም ቶሎ አይደርስለትም፣ ግሉኮስ ራሱን መያዝ አለበት።

ለራሳችሁ የሚሆነውን ለማወቅ

የስኳር መለኪያ ያላችሁ ሰዎች ሰንጠረዥ ከማገላበጥ በራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ሁለት ቁርሶችን ምረጡ፣ ለምሳሌ ቶሎ ደራሹን አጃና የሚቀቀለውን። በተለያየ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መጠን ብሉ። ከመብላታችሁ በፊት ለኩ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ለኩ። የአሜሪካ የስኳር ማኅበር ነፍሰ ጡር ላልሆኑ ብዙ የስኳር ታማሚ አዋቂዎች ከምግብ በኋላ ከ180 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። መለኪያችሁ በሚሊሞል የሚያሳይ ከሆነ በ18 አባዙት። እንቅልፍ ያጣችሁበትን፣ የተጨነቃችሁበትን ወይም የታመማችሁበትን ቀን አትቁጠሩ፣ ስኳሩ በምግቡ ሳይሆን በሌላ ምክንያት ይወጣል። አንዴ ለክታችሁም አትወስኑ፣ እያንዳንዱን ቁርስ ሁለት ሦስቴ ድገሙት።

መለኪያው ራሱ ስህተት እንዳለው አትርሱ። ዓለም አቀፉ ደረጃ ከ100 በላይ ባለ ንባብ እስከ 15 ከመቶ መዛነፍን ይፈቅዳል። ስለዚህ አንዱ ቁርስ 150፣ ሌላው 162 ቢያሳያችሁ አልተለያዩም ማለት ነው፤ እስከ ምሳ የሚያቆያችሁን ያዙ።